የናይሮቢው ንግግር ስህተት አልነበረም

በፌብሩዋሪ 1961 ጄራርድ ሜነን ዊሊያምስ ናይሮቢ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአፍሪካ ጉዳዮች ረዳት ሚኒስትር ሆነው ሥራ ከጀመሩ ገና ሳምንታቸው ነበር። ከዚያ በፊት ለአሥራ ሁለት ዓመት የሚሺጋን ግዛት አገረ ገዥ ነበሩ እንጂ በዲፕሎማትነት አልሠሩም። አሜሪካ ለአፍሪካውያን የምትፈልገው አፍሪካውያን ለራሳቸው የሚፈልጉትን ነው አሉ። ንግግሩ በጋዜጦች ላይ «አፍሪካ ለአፍሪካውያን» ተብሎ ወጣ። ኬንያ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ናት፤ ጆሞ ኬንያታ ከእስር ቢወጡም ገና በግዞት ተገድበው ይኖራሉ። ለም መሬቱን የያዙት ነጭ ሰፋሪዎች ተቆጡ፤ የለንደን ጋዜጦች የምርጫ ቅስቀሳና ዲፕሎማሲ የማይለይ ሰው መጣብን ብለው ጮኹ። ይህ ፍርድ ከዚያ ወዲህ በዊሊያምስ ስም ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ቅን ሰው ነበሩ፣ ግን አያያዙን አያውቁበትም ነበር ይባላል። የእኔ አቋም ከዚህ ይለያል። የናይሮቢው ንግግር ከአገረ ገዥነት ወደ ዲፕሎማሲ የሚመጣ ሰው ይዞት ሊመጣ የሚችለውን ዋነኛ ሀብት ያሳያል ባይ ነኝ። ይኸውም የሚተዳደረው ሕዝብ ምን ይላል ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። በኋላ ብዙ ነገር ያልተሳካላቸውም ልምድ ስላነሳቸው ሳይሆን ያንን ልማድ በሥራ የሚያውሉበት ሥልጣን ስላልነበራቸው ነው።

ልማዱን ከየት አመጡት? ዊሊያምስ በ1911 ዲትሮይት ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። የእናታቸው ወገኖች በመላጫ ሳሙናና በመሰል የንጽሕና ዕቃ ምርት ስማቸው የታወቀ ስለነበር ሰዉ «ሶፒ»፣ ሳሙናው እንደማለት፣ ይላቸው ነበር። አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ፓፒዮን ከአንገታቸው አይለይም። በ1948 ተመርጠው ከ1949 እስከ 1961 ለስድስት ተከታታይ የሁለት ዓመት ዘመን ግዛቲቱን መሩ። ምርጫው ግን በየጊዜው ትንቅንቅ ነበር። በ1950ም በ1952ም ልዩነቱ እጅግ ከመጥበቡ የተነሳ ድምፁ እንደገና እስከ መቆጠር ደርሷል። በየሁለት ዓመቱ ወንበሩን ሊያጣ የሚችል ሰው የፋብሪካውን ሠራተኛ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት በር ላይ ቆሞ መጨበጥ፣ የገበሬውን አቤቱታ መስማት፣ የጥቁሩን ዲትሮይት ሰፈር ማዳረስ ግዴታው ነው። የግዛቲቱ ሴኔት በዚያ ሁሉ ዘመን ከተፎካካሪዎቻቸው ከሪፐብሊካኖች እጅ ሳይወጣ በ1955 በቅጥር ላይ የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ወጥቶ አስፈጻሚ ኮሚሽን ቆመ። የሚሺጋንን ሁለት ልሳነ ምድሮች የሚያገናኘው የማኪናክ ድልድይም በ1957 በእርሳቸው ዘመን ተከፈተ። በ1959 በግብር ጉዳይ ከሕግ አውጪዎቹ ጋር ተካርረው ግዛቲቱ የሠራተኛ ደመወዝ መክፈል አቅቷት ታይቷል፤ ለፕሬዚዳንትነት የነበራቸውን ተስፋ ያከሰመው አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ጉዳይ የገቡት ሥልጣን ምን ያህል እንደሚያስችልና የት ላይ እንደሚያልቅ በተግባር አይተው ነው።

ጆን ኬኔዲ በ1960 መጨረሻ ካቢኔያቸውን ሲያቋቁሙ የዊሊያምስን ሹመት ያስታወቁት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ዲን ረስክን ከመሰየማቸው በፊት ነበር። ዊሊያምስ የካቢኔ ወንበር ነበር የፈለጉት፤ የደረሳቸው ረዳት ሚኒስትርነት ነው። ኬኔዲ ግን ቦታው በአዲሱ አስተዳደር ከየትኛውም የማያንስ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። በዚያ ዓመት ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጥተው ነበርና ንግግሩ ለማስደሰት ብቻ የተባለ አልነበረም። የአፍሪካ ጉዳዮች ክፍል ራሱ ከተቋቋመ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ከ1958 በፊት የአፍሪካ ነገር የሚታየው በሌሎች ክፍሎች ጥግ፣ በአብዛኛውም በቅኝ ገዢዎቹ ዋና ከተሞች በኩል ነበር። አንድ የአሜሪካ ባለሥልጣን ስለ ኬንያ ማወቅ ሲሻ ለንደንን፣ ስለ አንጎላ ሲሻ ሊዝበንን፣ ስለ ኮንጎ ሲሻ ብራስልስን መጠየቅ የለመደ ነው። የናይሮቢው ንግግር የናቀው ይህንን አሠራር ነው። ጥያቄው በቀጥታ ለባለቤቱ ይቅረብ የሚል ነውና።

እዚህ ላይ የተቺዎቹ የመጀመሪያ ክርክር ይነሳል። አምባሳደርም ሆነ ረዳት ሚኒስትር ወዳጅ መንግሥትን በገዛ ግዛቱ ላይ ቆሞ ማሳፈር የለበትም፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም ጊዜና ቦታ አለው ይላሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ የሙያው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ማስረጃው አይደግፋቸውም። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ከአንድ ዓመት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1960፣ በኬፕታውን ፓርላማ ቆመው በአህጉሩ ላይ የለውጥ ነፋስ እየነፈሰ መሆኑን ለነጮቹ ገዢዎች ነግረዋቸዋል። ዊሊያምስ በተናገሩበት ወር ኬንያ ውስጥ ምርጫ ተካሂዶ የኬንያታ ደጋፊዎች ፓርቲ አሸንፏል። ኬንያታ በኦገስት ነፃ ወጡ፤ ኬንያ በዲሴምበር 1963 ባንዲራዋን ሰቀለች። እንግዲህ ንግግሩ ከነገሩ የቀደመው ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነው። ኬኔዲም በማርች 1961 ጋዜጣዊ መግለጫቸው ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ አልሸሹም፤ አፍሪካ ለአፍሪካውያን ካልሆነች ለማን ልትሆን ነው የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። ዊሊያምስ አፍሪካዊ ሲሉ በቆዳ ቀለም ሳይለዩ አገሬ ብሎ የሚኖርባትን ሁሉ ማለታቸው እንደሆነም አስረዱ። ለንደን ከዋሽንግተን ጋር አልተጣላችም፤ አንድም ስምምነት አልፈረሰም። የጎዳው ነገር ቢኖር የሰፋሪዎቹን ስሜት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በሰሜን ሮዴሽያ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ በሉሳካ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ነጭ ፊታቸውን በቡጢ መታቸው። እኔ ይህን ቡጢ የዲፕሎማሲ ውድቀት ማስረጃ አድርጌ አላየውም። ሊጠፋ በተቃረበ ሥርዓት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነገሩ እንደገባው ያሳያል።

የሙያ ዲፕሎማቶችን መናቄ አይደለም። ውል ማርቀቅ፣ ሚስጥር መጠበቅ፣ የአንድን አገር ነገር ለዓመታት መከታተል የእነርሱ ችሎታ ነው፤ ዊሊያምስም ክፍላቸውን የመሩት በእነዚህ ሰዎች ተደግፈው ነው። ነገር ግን የሙያው ሰው ጥሪው ከመንግሥት ወደ መንግሥት ስለሆነ መንግሥት የሌለው ሕዝብ ከዓይኑ ይጠፋበታል። በ1961 ከአፍሪካ ሰፊ ክፍል ገና የራሱ መንግሥት አልነበረውም፤ አንጎላም ሞዛምቢክም ዚምባብዌም ናሚቢያም በዲፕሎማቱ ማኅደር ውስጥ የሌላ አገር ጉዳይ ሆነው ነው የተቀመጡት። ይህን ጉድለት ከውጭ የመጣ ሰው ሊያየው ይችላል፤ በተለይ ደግሞ ድምፅ ያልነበራቸው ሰዎች ድምፅ ሲያገኙ ፖለቲካ እንዴት እንደሚለወጥ በራሱ ግዛት ያየ ሰው። የኬኔዲ የውጭ ጉዳይ ሹማምንት እንዲህ ዓይነት ሰዎች የበዙበት መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር የነበሩት አድላይ ስቲቨንሰን የኢሊኖይ አገረ ገዥ ነበሩ። ምክትል ሚኒስትር ሆነው ጀምረው በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ በሕንድ አምባሳደር የሆኑት ቼስተር ቦውልስ የኮኔቲከት አገረ ገዥ ነበሩ። አቨረል ሃሪማንም፣ ምንም እንኳ ዲፕሎማትነታቸው ቢቀድም፣ የኒውዮርክ አገረ ገዥ ሆነው ያውቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስቲቨንሰንና ቦውልስ ከዊሊያምስ ጋር ሆነው አዳዲሶቹን አገሮች በራሳቸው ሚዛን እንመዝናቸው የሚለውን ወገን ያዙ። ቦውልስ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በኖቬምበር 1961 ሹም ሽር ከምክትል ሚኒስትርነት ተነሱ። ዊሊያምስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ አናት ላይ የሚቆምላቸው ሰው አጡ።

የመከራከሪያዬ ዋና ማስረጃ በ1963 ክረምት በአንድ ሳምንት ልዩነት የተሰጡ ሁለት ድምፆች ናቸው። በዚያ ዓመት ሜይ ወር አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መሪዎቹ በቅኝ ግዛትና በአፓርታይድ ላይ የፀጥታው ምክር ቤት እርምጃ እንዲወስድ ወሰኑ፤ አቤቱታውን ይዘው ኒውዮርክ እንዲሄዱም የላይቤሪያን፣ የቱኒዚያን፣ የማዳጋስካርንና የሴራሊዮንን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ላኩ። ምክር ቤቱ በጁላይ 31 በፖርቱጋል ላይ ውሳኔ ቁጥር 180ን አሳለፈ፤ አሜሪካ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። በኦገስት 7 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ላይ የጦር መሣሪያ ሽያጭ እንዲቆም የሚጠይቀው ውሳኔ ቁጥር 181 ቀረበ። በዚህኛው አሜሪካ ከሁለቱ ተለይታ ደገፈች፤ ከአምስት ቀን በፊትም ስቲቨንሰን አገራቸው በዓመቱ መጨረሻ ለደቡብ አፍሪካ መሣሪያ መሸጥ እንደምታቆም አስታውቀው ነበር። ዊሊያምስ በዚያ ክረምት የመሣሪያ ሽያጩ ይቁም ብለው ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ወትውተዋል። ሰውየው ያው ናቸው፤ አቋማቸውም በሁለቱ ጉዳዮች ላይ ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ያ ሌላ ቦታ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች፣ በአዞሬስ፣ አሜሪካ የምትጠቀምበት የላጀስ የጦር ሰፈር ነው። በማርች 1961 አንጎላ ውስጥ አመፅ ሲቀጣጠል አሜሪካ በፀጥታው ምክር ቤት ከሶቪየት ኅብረት ጎን ቆማ ፖርቱጋልን በሚነቅፈው ረቂቅ ላይ የድጋፍ ድምፅ ሰጥታ ነበር። የኔቶ አባል በሌላው የኔቶ አባል ላይ እንዲህ ማድረጉ ያልተለመደ ነበር፤ የዊሊያምስ ወገን በዚያ ቀን አሸነፈ። ግን የላጀስ ሰፈር ውል በ1962 መጨረሻ ያበቃ ነበር። የበርሊን ውጥረት በከረረበት ሰዓት የጦር አዛዦቹ ወደ አውሮፓና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሻገሩ አውሮፕላኖች ያለዚያ ሰፈር አይሆንላቸውም ብለው አስጠነቀቁ። የሊዝበኑ ሳላዛር ውሉን አላደሱም፣ አሜሪካኖቹንም አላስወጡም፤ በዝምታ እንዲቆዩ ፈቅደው ማሰሪያውን በእጃቸው አቆዩት። የዋሽንግተን ድምፅ በየስብሰባው እየለዘበ ሄዶ በ1963 ተዓቅቦ ላይ ደረሰ። አገረ ገዥ ቢሆኑ ኖሮ ዊሊያምስ ከመከላከያው ጋር የሚደራደሩበት የራሳቸው በጀት፣ የራሳቸው ድጋፍ ድምፅ፣ የራሳቸው ደጋፊ ሕዝብ ይኖራቸው ነበር። በረዳት ሚኒስትርነት ግን የቀራቸው ማስታወሻ እየጻፉ የበላዮቻቸውን ደጅ መጥናት ነው። የደቡብ አፍሪካው ማዕቀብ ራሱ ሙሉ አልነበረም፤ የቆዩ ውሎችና ለውጭ መከላከያ የሚሆን መሣሪያ ከክልከላው ውጭ ሆነዋል። ቢሆንም ከዊሊያምስ በፊት በነበረው የአሜሪካ ፖሊሲ ያንን ያህል መራመድ የሚታሰብ አልነበረም።

በቤታቸው የነበረውን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የአዲስ አበባው ጉባኤ በተቀመጠበት ወር በአላባማ፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ፖሊስ በጥቁር ሕፃናት ሰልፈኞች ላይ ውሻና የውኃ መድፍ ሲለቅ ዓለም አየ። የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ከጉባኤው ላይ ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉባኤውም በአሜሪካ ያለውን የዘር መድልዎ አንስቶ ተነጋገረ። ከሁለት ዓመት በፊት ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን በሚወስደው መንገድ ላይ የቻድ አምባሳደር ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብተው አናስተናግድም ተብለው ነበር። ለሌላው ሹም ይህ የፕሮቶኮል ችግር ነው። በሚሺጋን በቅጥር ላይ ስላለው መድልዎ ሕግ እንዲወጣ ለዓመታት ለታገሉ ሰው ግን የውጭ ፖሊሲው ግማሽ አካል ነው፤ ዊሊያምስም አሜሪካ በቤቷ የምትሠራው በአፍሪካ የምትናገረውን እንደሚያፈርሰው ደጋግመው አሳስበዋል። አገር ውስጥ አስተዳድሮ የሚያውቅ ዲፕሎማት የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። አገሩ በውጭ የምትታማበትን ነገር ከውስጥ ያውቀዋል፤ ሊሸፋፍነው አይዳዳውም።

ሁለተኛው ክርክር ጠንካራ ነው፤ ከአፍሪካውያን በኩልም ይነሳል። «አፍሪካ ለአፍሪካውያን» የቀዝቃዛው ጦርነት መፈክር እንጂ የፍትሕ ጥያቄ አልነበረም፤ አሜሪካ ፈረንጅ ቅኝ ገዢዎቹን ቀድማ ከሶቪየቶች ጋር ለመሻማት የተጠቀመችበት ነው የሚል። በከፊል እውነት ነው። ዊሊያምስም ይህን አልደበቁም፤ ነፃነትን ያልደገፈ ምዕራብ አፍሪካን ለሞስኮ አሳልፎ ይሰጣል ብለው በግልጽ ይከራከሩ ነበር። በኖቬምበር 1964 የቤልጂግ አየር ወለዶች በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጭነው በኮንጎዋ ስታንሊቪል ላይ ሲወርዱ፣ የአፍሪካ መንግሥታት በፀጥታው ምክር ቤት ሲቆጡ፣ ዊሊያምስ ታጋቾችን ማዳን ነው ብለው ተሟግተዋል። ታጋቾች መኖራቸው ሐቅ ነው። ነገር ግን ያ ዘመቻ በቅጥረኛ ወታደሮች ከሚዋጋው የሞይስ ቾምቤ መንግሥት ጎን መቆምም ነበር፤ ለኮንጎ ሕዝብ ምን ትፈልጋላችሁ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ አልተጠየቀም። የኮንጎ ጉዳይ በዚያው ዓመት በዋናነት በሃሪማን እጅ ስለገባ ዊሊያምስ ወሳኙ ሰው አልነበሩም ሊባል ይችላል። እኔ ግን ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ያላመነበትን ሲከላከል የኖረ ሹም፣ ሥልጣኑ ትንሽም ቢሆን፣ ሥራውን የመልቀቅ ነፃነት አለው። እርሳቸው የለቀቁት በ1966 ለሴኔት ለመወዳደር ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እኛን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው። የዊሊያምስ መርህ እዚህ አገር ድንበር ላይ ቆሟል። አሜሪካ አስመራ ውስጥ በቃኘው የጦር መገናኛ ጣቢያ ከ1953ቱ ስምምነት ጀምሮ ተቀምጣ ነበር፤ በ1960 ደግሞ 40,000 ወታደሮች ያሉትን የኢትዮጵያ ጦር ለማስታጠቅና ለማሠልጠን ቃል ገብታለች። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የክብር ዘበኛ አዛዦች ንጉሡ በሌሉበት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ደግፈው ሲሰለፉ፣ በቤተ መንግሥቱና በሕዝቡ መካከል ያለው ርቀት ለማንም ታዛቢ ግልጽ ሆኖ ነበር። በኖቬምበር 1962 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የቆመው የኤርትራ ፌዴሬሽን ሲፈርስም ውሳኔውን በ1950 አጥብቃ የደገፈችው ዋሽንግተን ዝም አለች። የአዞሬሱ ታሪክ በቃኘው ተደገመ ማለት ነው። ኦክቶበር 1963 ኬኔዲ ዋሽንግተን ላይ ንጉሠ ነገሥቱን በታላቅ ክብር ተቀበሉ፤ ክብሩ ለአፍሪካ አንድነት አስተናጋጅ ይገባ ነበር። ግን ለኢትዮጵያውያን የምንፈልገው ኢትዮጵያውያን ለራሳቸው የሚፈልጉትን ነው ያለ የአሜሪካ ባለሥልጣን በዚያ ዘመን በይፋ አልተሰማም። ገዢው ነጭ ሲሆን ዊሊያምስ ሕዝቡን ጠየቁ፤ ገዢው አፍሪካዊ ሲሆን ቤተ መንግሥቱን። የእኛ አገር የኋለኛው ታሪክ ያ ጥያቄ አለመጠየቁ ምን እንዳስከፈለ ይመሰክራል። ይህ ጉድለት መርሁን ሐሰት አያደርገውም። እንዲያውም እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ኖሮ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ አገረ ገዥን ወደ ዲፕሎማሲ ማምጣት ከዊሊያምስ ጋር ያለፈ ፈሊጥ ነው የሚል ካለ ቅርብ ዘመን ያለ ምስክር አለ። ቴሪ ብራንስታድ በሁለት ጊዜ ድምር ከ22 ዓመት በላይ አዮዋን የመሩ፣ በአሜሪካ ታሪክ ረጅሙን ዘመን የቆዩ አገረ ገዥ ናቸው። በ1985 ከቻይናዋ ሄቤይ ክፍለ ሀገር የመጣ የግብርና ልዑክ አዮዋን ሲጎበኝ ከእንግዶቹ መካከል ሺ ጂንፒንግ የሚባል የወረዳ ሹም ነበረ። ትውውቁ ቀጠለ፤ ሺ በ2012 መስካቲን ወደምትባለዋ ትንሽ ከተማ ተመልሰው የጥንት አስተናጋጆቻቸውን ጎብኝተዋል። ሴኔቱ በ2017 ብራንስታድን በ82 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ በቤጂንግ አምባሳደር አድርጎ አጸደቀ። ቻይና የድሮ ወዳጅ ብላ ተቀበለቻቸው። በጁላይ 2018 ግን ዋሽንግተን በ34 ቢሊዮን ዶላር የቻይና ዕቃ ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ ቤጂንግ አጸፋውን ስትመልስ ከመታቻቸው ምርቶች ግንባር ቀደሙ የአዮዋ ገበሬ የሚኖርበት አኩሪ አተር ነበር። ከአሜሪካ ግምጃ ቤት ለገበሬዎች ማካካሻ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 12 ቢሊዮን፣ በቀጣዩ 16 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። በ2020 የብራንስታድን ጽሑፍ የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣ አላትምም አለ፤ እርሳቸውም በኦክቶበር ተሰናበቱ። ሰውየው ገበሬያቸውንም ሺንም ያውቁ ነበር፤ ቀረጡ የሚወሰነው ግን እርሳቸው በሌሉበት ክፍል ነው። ወዳጅነቱን ይዞ የሄደው አምባሳደር ከዋና ከተማው ፖሊሲ ጋር ካልተያያዘ የዊሊያምስ ዕጣ ይደርሰዋል።

ዊሊያምስ በ1966 የሴኔት ምርጫውን ተሸነፉ፤ ከዚያ በፊሊፒንስ አምባሳደር ሆነው ከ1968 እስከ 1969 አገለገሉ፤ ወደ ሚሺጋን ተመልሰውም ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመርጠው በመጨረሻ ዋና ዳኛ ሆኑ። በ1988 ሞቱ። ሥራቸውን በዘመናቸው ባገኙት ድል ብቻ ብንለካው ትንሽ ነው። እርሳቸው በወጡ በወራት ውስጥ፣ በጁላይ 1966፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ፣ በደቡብ አፍሪካ ላይ ያቀረቡትን ክስ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድምፁ እኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ውድቅ አደረገው፤ የአሜሪካ ፖሊሲ ደግሞ ያንን ፍርድ ሲጠብቅ ነው የቆየው። የፖርቱጋል ግዛቶች ነፃ የወጡት በ1974 እና በ1975 ነው። በደቡብ አፍሪካ ላይ አስገዳጅ የመሣሪያ ማዕቀብ የተጣለው በኖቬምበር 1977 ነው። ሆኖም እነዚህን ቀናት በተርታ ያየ ሰው በ1961 እና በ1963 ልክ የነበረው ማን እንደሆነ መፍረድ አይከብደውም። የሙያው ሰዎች ጥንቃቄ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ጦርነት አላስቀረም።

በእኛም አገር ክፍለ ሀገር ያስተዳደረ ሰው ወደ ውጭ መላኩ የቆየ ነገር ነው። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጎጃምን ገዝተው በኋላ በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ አገራቸውን ወክለዋል፤ አቶ ገዱ አንዳርጋቸውም ከአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት በኋላ በ2019 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ነበር። ሕዝቡ ግን እንዲህ ያለውን ሹመት ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከማን ጋር ተጣልቶ ነው የሚለውን ነው፤ ወደ ኤምባሲ መላክ እንደ ማራቂያ ሲቆጠር ኖሯልና። ይህ አስተያየት የመጣው ከልምድ በመሆኑ በሕዝቡ አይፈረድም። ግን አገር ይጎዳል። ክልል ያስተዳደረ ሰው የኢትዮጵያን ገበሬ፣ የድንበር ነዋሪ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው የተሰደደውን ወጣት ችግር ከብዙ ዲፕሎማት በተሻለ ሊያውቅ ይችላል፤ ያ ዕውቀት በሪያድ፣ በካርቱም ወይም በዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ ዋጋ አለው። ዋጋ የሚኖረው ግን ሰውየው በአስተዳደሩ ዘመን ሕዝቡን በእውነት ይሰማ ከነበረና አሁንም ስልክ ሲደውል አዲስ አበባ ላይ የሚያነሳለት ካለ ነው። ሁለቱንም ዛሬ የምናውቅበት መንገድ የለንም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 71 አምባሳደርን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፤ ዕጩው በሕዝብ ፊት የሚጠየቅበት መድረክ ግን አልተሠራለትም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነት ቋሚ ኮሚቴ ዕጩ አምባሳደሮችን ከመሾማቸው በፊት በግልጽ ስብሰባ እንዲሰማ፣ የቀድሞ ሥራቸውንና የሚሄዱበትን ተልዕኮ እንዲጠይቅ የሚያስችል አሠራር ይውጣ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም፤ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ይበቃዋል፤ የሚቀጥለው የአምባሳደሮች ሹመት ከመታወጁ በፊትም ሊጀመር ይችላል።